ከባዶ የገነባኸው ሊኑክስ በዩኢኤፍአይ አልነሳ ሲል

ጥያቄው ይህ ነው፦

«የኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሊኑክስ ፍሮም ስክራች የተባለውን መመሪያ ይዤ ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ስሠራ ቆይቼ የራሴን ሲስተም ጨረስኩ። ላፕቶፔ ኤንቪኤምኢ ዲስክ አለው፤ ዊንዶውስም አለበት። ባዮስ ሞድ የሚል ምርጫ ግን የለውም። መጨረሻ ላይ ግረብን (ከርነሉን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) እንደ መመሪያው ስጭን ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ በፎርስ አለፍኩት። ላፕቶፑ ግን ቀጥታ ዊንዶውስ ነው የሚከፍተው። ጓደኛዬ ‹የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ያስፈልግሃል› ብሎኝ አንድ ፓርቲሽን ፈጥሬ ኢኤክስቲ4 አደረግኩት። ግረብን ለኢኤፍአይ እንደገና ኮምፓይል አድርጌ ስጭነው ‹ይህ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን አይመስልም› አለኝ። የዊንዶውሱን ስሰጠው ደግሞ ‹የኢኤፍአይ ቫሪያብሎች በዚህ ሲስተም ላይ አይደገፉም› ይላል። ከላይቭ ፍላሹ ግረብ በእጄ ጽፌ ስሞክር ከርነሉ ይጫናል፤ ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ዩኢኤፍአይን አጥፍቼ በባዮስ ማስነሳት እችላለሁ? ወይስ ሁሉንም ከባዶ ልጀምር? ቢመክሩኝ።»

ከባዶ አትጀምር። ሦስት ሳምንት ከለፋህበት ነገር አንዱም አልተበላሸም። የገነባሃቸው ፕሮግራሞች፣ ጂሲሲም ሆነ ግሊብሲ ወይም ባሽ፣ ማሽኑ በየትኛው መንገድ እንደተነሳ አያውቁም። ማወቅም አያስፈልጋቸውም። ዩኢኤፍአይ፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው፣ ባዮስን የተካው የቦርዱ ፕሮግራም (ፈርምዌር)፣ የሚነካው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የከርነልህን (የሊኑክስ እምብርት) ኮንፊገሬሽን፣ አንድ ትንሽ ፓርቲሽንና ግረብን። ከርነሉን እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ይኖርብሃል። ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆያል።

በባዮስ የማስነሳቱን ሐሳብ ግን ተወው። ባዮስ ሞድ የሚባለው ሲኤስኤም የሚል ስም ያለው፣ የድሮውን ባዮስ የሚያስመስል የፈርምዌር ክፍል ነው። ኢንቴል ይህን ክፍል እስከ 2020 ድረስ እንደሚያስቀር በ2017 አስታውቆ ነበር። ስለዚህ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ምርጫውን ብታጣው አይግረምህ፤ አብዛኛውን ጊዜ የማይታየው ስለሌለ ነው። ቢኖርም እንኳ አይጠቅምህም። ዊንዶውስህ በዩኢኤፍአይ የተጫነ ነው። አንዱን በባዮስ ሌላውን በዩኢኤፍአይ ማስነሳት ማለት በቀየርክ ቁጥር ሴቲንግ ውስጥ መግባት ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ባዮስ ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም። የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር፣ ማለትም 512 ባይት፣ አንስቶ ውስጡ ያለውን ኮድ ያስኬዳል። ከዚያ ውስጥ ለማስነሻ ኮድ የሚደርሰው 446 ባይት ነው። በፎርስ ያለፍከው ግረብ የጻፈው እዚያ ላይ ነው። ዩኢኤፍአይ ያንን ኮድ ዞር ብሎም አያየውም። ስለዚህ አልጎዳህም፣ አልጠቀመህምም። ዩኢኤፍአይ የሚፈልገው ፋይል ነው። በፋት የተዘጋጀ ፓርቲሽን ይከፍታል፣ ውስጡ ገብቶ ስሙ በነጥብ ኢኤፍአይ የሚያልቅ ፕሮግራም ያገኛል፣ እሱን ያስኬዳል። በቃ።

ያ ፕሮግራም በዊንዶውስ እንደምታውቃቸው ፕሮግራሞች የፒኢ ፎርማት ያለው ነው። እስቲ የገነባኸውን የከርነል ፋይል፣ ቢዚኢሜጁን፣ በሄክስ ማያ ክፈተውና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባይት ተመልከት። የኢኤፍአይ ስታብ የሚለው ምርጫ በርቶ ከነበረ ኤም እና ዚ የሚሉ ሁለት ፊደላት ታገኛለህ። ከዶስ ዘመን ጀምሮ የማይክሮሶፍት ፕሮግራሞች የሚጀምሩት በእነዚህ ነው። ፎርማቱን የነደፈው የማርክ ዝቢኮውስኪ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ከሊኑክስ 3.3 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 ጀምሮ፣ ከርነሉ ራሱ የኢኤፍአይ ፕሮግራም መሆን ይችላል። ፈርምዌሩ ያለ ግረብ በቀጥታ ያስኬደዋል። ይህን ያዝልኝ፤ ኋላ ላይ እንጠቀምበታለን።

ወደ ፓርቲሽንህ ልምጣ። ኢኤክስቲ4 ያደረግከው ፓርቲሽን ለፈርምዌሩ ባዶ ግድግዳ ነው። ፈርምዌሩ ኢኤክስቲ4ን ማንበብ አይችልም። የሚያነበው ፋትን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ የፓርቲሽኑ ዓይነትና የፋይል ሲስተሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጂዲስክ ዓይነቱን ኢኤፍ00 ብለህ ብትሰጠው ውስጡ በራሱ ፋት አይሆንም። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። አንዳንዱ ደግሞ ኢኤፍ02ን ይመርጣል። እሱ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ግረብ ጂፒቲ (አዲሱ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ዓይነት) ባለው ዲስክ ላይ በባዮስ ሲጫን ኮዱን የሚያስቀምጥበት 1 ሜጋባይት የምታህል ቦታ ናት። የዚያ ፓርቲሽን መለያ ቁጥር ወደ ፊደል ሲመለስ በእንግሊዝኛ «ሃ! ኢኤፍአይ አያስፈልገኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል። ግረብ መጀመሪያ ላይ የሰጠህ ማስጠንቀቂያ ይህች ፓርቲሽን የለችም የሚል ነበር። ላንተ አታስፈልግም፤ አትፍጠራት።

አዲስ የኢኤፍአይ ፓርቲሽንም አያስፈልግህም። ዊንዶውስ ሲጫን የፈጠረው አለ። እሱን ነው የምትጠቀመው። ኢኤክስቲ4 ያደረግከውን አጥፋው ወይም ለሌላ ሥራ አውለው። አደራ የምልህ ግን የዊንዶውሱን ፓርቲሽን ፎርማት እንዳታደርገው ነው። መመሪያዎች «ፓርቲሽኑን ፋት32 አድርግ» ሲሉ ባዶ ዲስክ ላይ ስለሚጀምር ሰው ነው የሚያወሩት። አንተ ያንን ትዕዛዝ ብትሰጥ የዊንዶውስ ማስነሻ በአንድ ሰከንድ ይጠፋል። ማውንት ብቻ አድርገው። ከመንካትህ በፊት ደግሞ ውስጡ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ ገልብጠህ አስቀምጥ። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ለዚህ ፓርቲሽን 100 ሜጋባይት ብቻ ስለሚመድብ መገልበጡ ደቂቃ አይፈጅም።

«ቫሪያብሎች አይደገፉም» የሚለው ስህተት ከመልኩ ይልቅ ቀላል ነው። ፈርምዌሩ «ይህንን ፋይል አስነሳ» የሚለውን መዝገብ የሚይዘው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ባለ ሚሞሪ ነው። ሊኑክስ ያንን መዝገብ የሚያየው ኢኤፍአይቫርኤፍኤስ በሚባል የፋይል ሲስተም በኩል ነው። አንተ ሲኤችሩት ውስጥ ነህ፤ ማለትም ከላይቭ ፍላሹ ተነስተህ የራስህ ሲስተም ውስጥ ገብተህ ነው የምትሠራው። መመሪያው ለሲኤችሩቱ ሲስኤፍኤስን አዲስ አድርጎ ማውንት ያደርጋል፤ ኢኤፍአይቫርኤፍኤስ ግን ለብቻው ማውንት ካልተደረገ አብሮ አይመጣም። ስለዚህ ሲኤችሩት ውስጥ ሆነህ ሲስ፣ ፈርምዌር፣ ኢኤፍአይ የሚሉትን ፎልደሮች ተከትለህ ግባ። የኢኤፍአይ ፎልደር ካለ ላይቭ ፍላሽህ በዩኢኤፍአይ ነው የተነሳው፤ ያንተ ላፕቶፕ ሌላ አማራጭም የለውም። ከዚያ በውስጡ ያለው ኢኤፍአይቫርስ ባዶ መሆኑን ታያለህ። እሱ ላይ ኢኤፍአይቫርኤፍኤስን ማውንት አድርግ። ስህተቱ ይጠፋል።

እግረ መንገድህን እዚያው ፎልደር ውስጥ ኤፍደብሊው ፕላትፎርም ሳይዝ የሚል ፋይል አለ። ክፈትና አንብበው። 64 ካለ መልካም። 32 ካለ ግን ፕሮሰሰሩ 64 ቢትም ቢሆን ፈርምዌሩ 32 ቢት ነው፤ በአቶም ፕሮሰሰር የሚሠሩ የቆዩ ትንንሽ ታብሌቶች ላይ የተለመደ ነበር። ያኔ ግረብን ለአይ386-ኢኤፍአይ መሥራትና ከርነሉ ላይ ኢኤፍአይ ሚክስድ የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። ያንተ 64 እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ግን አይተህ እለፍ።

ኢኤፍአይቫርስ ውስጥ እያለህ ፋይል በእጅህ አትሰርዝ። በ2016 አንዳንድ ሰዎች ሲስተማቸውን በአርኤም ሙሉ በሙሉ ሲጠርጉ እነዚህ ቫሪያብሎችም አብረው ተጠረጉና ላፕቶፖቻቸው ከነጭራሹ አልበራ አሉ። ዲስኩ አይደለም የሞተው፣ ቦርዱ ነው። ከዚያ በኋላ ከርነሉ አብዛኞቹ ቫሪያብሎች በቀላሉ እንዳይሰረዙ ቆልፏቸዋል። ቢሆንም መዝገቡን መንካት ያለብህ በኢኤፍአይቡትኤምጂአር ብቻ ነው። ሥራህን ስትጨርስም አንማውንት አድርገው።

ጥቁሩ ስክሪን ነው የጥያቄህ ዋና ቁልፍ። እኔንም በአንድ ወቅት ሁለት ሌሊት አሳድሮኛል። ግረብ ሳይሆን ከርነሉ ነው ችግሩ። ደግሞም ከርነሉ ሞቶ ላይሆን ይችላል። በባዮስ ዘመን የትኛውም ማሽን የቪጂኤ ጽሑፍ ማሳያ ነበረው። ከርነሉ ምንም ድራይቨር ባይኖረው እንኳ እዚያ ላይ መጻፍ ይችል ነበር። በዩኢኤፍአይ ያ የለም። ፈርምዌሩ ለከርነሉ የሚያስረክበው ፍሬምባፈር የሚባል፣ ነጥብ በነጥብ የሚሳልበት የሚሞሪ ክፍል ነው። እዚያ ላይ የሚጽፍ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ከሌለ ሲስተሙ እየሠራ ስክሪኑ ይጨልማል።

ቀላል መፈተኛ አለ። ስክሪኑ ከጨለመ በኋላ አሥር ሰከንድ ያህል ጠብቅና ካፕስ ሎክን ተጫን። ትንሿ መብራት በርታ ከጠፋች ከርነሉ በሕይወት አለ፤ የጎደለው የስክሪን ድራይቨር ብቻ ነው። መብራቷ ሳትነካት በራሷ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ከርነሉ ፓኒክ አድርጓል፣ ማለትም መቀጠል አቅቶት ቆሟል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሩት ፓርቲሽኑን (ሲስተምህ ያለበትን) ስላላገኘ ነው። ይህቺ መብራት ብዙ ላፕቶፕ ላይ ብቸኛዋ ምስክር ናት። ሌላም መንገድ አለ። በከርነሉ ትዕዛዝ መስመር ላይ «ኧርሊኮን=ኢኤፍአይኤፍቢ» ብለህ ጨምር። ዋናው ድራይቨር ከመነሳቱ በፊት እንኳ መልዕክቶቹ ስክሪኑ ላይ መውረድ ይጀምራሉ። (የትዕዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ አድርጌ ነው የምጽፍልህ። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ታስገባቸዋለህ።)

አሁን የከርነሉን ምርጫዎች የምታበራበትን ሜኑኮንፊግን ክፈት። ፕሮሰሰር በሚለው ክፍል ኢኤፍአይ ራንታይም ሰርቪስንና ኢኤፍአይ ስታብን አብራ። በፓርቲሽን ዓይነቶች ሥር የኢኤፍአይ ጂዩአይዲ ፓርቲሽን ድጋፍን አብራ፤ ያለ እሱ ከርነሉ ጂፒቲ ዲስክን ማንበብ አይችልም። በፈርምዌር ድራይቨሮች ሥር የፈርምዌሩን ስክሪን እንደ አጠቃላይ ፍሬምባፈር ምልክት አድርግ የሚለው ምርጫ አለ። እሱን፣ ከግራፊክስ ሥር ደግሞ ሲምፕልዲአርኤምን፣ የፍሬምባፈር ኮንሶልንና ለዲአርኤም የድሮ ኤፍቢዴቭ ድጋፍ የሚለውን አብራ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ጨለማው ይቀጥላል። በፋይል ሲስተሞች ሥር ኢኤክስቲ4፣ ቪፋት፣ ኮድፔጅ 437፣ አይኤስኦ 8859-1 እና ኢኤፍአይቫርኤፍኤስ ይኑሩ። ቪፋትን አብርተው ሁለቱን የፊደል ሰንጠረዦች የሚረሱ ሰዎች የኢኤፍአይ ፓርቲሽናቸውን ማውንት ማድረግ ሲያቅታቸው ግራ ይገባቸዋል።

ለማስነሳት የሚያስፈልጉት ሁሉ በኤም (ለብቻው እንደሚቀመጥ ሞጁል) ሳይሆን በዋይ (ከርነሉ ውስጥ) ይግቡ። ሊኑክስ ፍሮም ስክራች በመደበኛ አሠራሩ ኢኒትራምኤፍኤስ (ሩት ከመከፈቱ በፊት ድራይቨሮችን ይዞ የሚነሳ ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም) የለውም። ሞጁሎቹ የሚቀመጡት ሩት ፓርቲሽኑ ላይ ነው። የኤንቪኤምኢ ድራይቨሩ ሞጁል ከሆነ ዲስኩን ለመክፈት ድራይቨሩ ያስፈልጋል፣ ድራይቨሩን ለማግኘት ደግሞ ዲስኩ መከፈት አለበት። ቁልፉን ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደመውጣት ነው። አዳዲስ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ዲስኩ ቪኤምዲ ከሚባል መቆጣጠሪያ ኋላ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ ኤንቪኤምኢ ብቻውን አይበቃም፤ ቪኤምዲንም በዋይ አስገባ። በተቃራኒው የኤኤምዲ ግራፊክስ ካለህ ኤኤምዲጂፒዩን ሞጁል አድርገው። ከዲስክ የሚያነባቸው የፈርምዌር ፋይሎች አሉት፤ ሩት ሳይከፈት ከተነሳ አያገኛቸውም። እስከዚያ ሲምፕልዲአርኤም ስክሪኑን ይይዝልሃል።

ቀጥሎ የሩት ስም። እዚህ ላይ የሚወድቀው ሰው ብዛቱ! ዩዩአይዲ እና ፓርትዩዩአይዲ ይምታታሉ። ዩዩአይዲ የፋይል ሲስተሙ መለያ ነው፤ ኢኤክስቲ4 ውስጥ ተጽፏል። ፓርትዩዩአይዲ የፓርቲሽኑ መለያ ነው፤ ጂፒቲ ሰንጠረዡ ውስጥ ተጽፏል። ኡቡንቱ ላይ የግረብ ፋይል ከፍተህ ካየህ «ሩት=ዩዩአይዲ» የሚል ታገኛለህ። እዚያ የሚሠራው ኢኒትራምኤፍኤስ ስላለ ነው፤ ዩዩአይዲውን ፈልጎ የሚያገኘው እሱ እንጂ ከርነሉ አይደለም። ያንን መስመር ገልብጠህ ያለ ኢኒትራምኤፍኤስ ከሰጠኸው ከርነሉ ምን እንዳልከው አይገባውም። ፓርትዩዩአይዲን ግን በቀጥታ ይረዳል። ቢኤልኬአይዲ የሚለውን ትዕዛዝ ስጥ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይወጡልሃል። ለከርነሉ ፓርትዩዩአይዲውን ስጠው። ግረብ ውስጥ ሰርች ለሚለው ትዕዛዝ ግን ተራውን ዩዩአይዲ ነው የምትሰጠው። አንድ ፋይል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች መሆናቸው አያስደንግጥህ፤ ትክክሉ እሱ ነው። ሩትዌይት የሚለውንም ቃል ጨምር፤ ዲስኩ እስኪታይ ከርነሉ እንዲጠብቅ።

ፓኒክ ካገኘህ መልዕክቱን በደንብ አንብበው። «አንኖውን ብሎክ» ከሚለው ቀጥሎ በቅንፍ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ተመልከት። 0፣0 ከሆኑ ከርነሉ የሰጠኸውን ፓርቲሽን አላወቀውም፦ ወይ ድራይቨር የለም፣ ወይ ስሙን ተሳስተሃል። ሌላ ቁጥር ከሆነ ፓርቲሽኑን አይቶታል፤ የጎደለው የፋይል ሲስተሙ ድራይቨር ነው። ከመልዕክቱ በላይ ያያቸውን ፓርቲሽኖች ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ድራይቨር፣ ሞልቶ እያለ ካልተነሳ የስም ስህተት ነው። ሩትዌይት ካስገባህና ከርነሉ ሩትን እየጠበቀ ነው በሚል መስመር ላይ ለዘላለም ከቆመም ነገሩ ያው ነው።

አሁን ያንን «ያዝልኝ» ያልኩህን እንጠቀምበት። ምክሬ አንድ ነው፦ ዲስኩን ሳትነካ መጀመሪያ ከፍላሽ አስነሳው። አንድ ፍላሽ ውሰድ፤ 1 ጊጋባይትም ይበቃል። ፋት32 አድርገው። ውስጡ ኢኤፍአይ የሚል ፎልደር፣ በእሱ ውስጥ ቡት የሚል ፎልደር ፍጠር። ከዚያ ከርነልህን ቡትኤክስ64 ነጥብ ኢኤፍአይ በሚል ስም እዚያ ቅዳው። ፈርምዌሩ ፍላሽ ላይ በመደበኛነት የሚፈልገው ይህንን ስም ነው፤ መዝገብ አያስፈልገውም። ግረብ ስለሌለ የትዕዛዝ መስመሩን ከርነሉ ውስጥ መጻፍ አለብህ። ሜኑኮንፊግ ላይ ቢልት-ኢን ከርነል ኮማንድ ላይን የሚለውን አብራና ሩት=ፓርትዩዩአይዲ ከነቁጥሩ፣ ሩትዌይት፣ አርኦ እና ኧርሊኮኑን ጻፍበት። ኦቨርራይድ የሚለውን ግን አታብራ፤ ኋላ ግረብ የሚሰጠውን ሁሉ ይዘጋዋል።

ለምን ይህን አጥብቄ እንደምመክር ልንገርህ። ግረብን፣ መዝገቡን፣ ፓርቲሽኑንና ከርነሉን በአንድ ላይ ስትሞክር አንዱ ሲበላሽ የትኛው እንደሆነ አታውቅም። አንተም የገጠመህ ይኸው ነው፤ አራት የተለያዩ ስህተቶች ተደራርበው አንድ መስለውህ ነበር። በፍላሹ ግን የሚፈተነው ከርነሉ ብቻ ነው። ሎጊን የሚል ቃል ካየህ ከርነልህ ጤነኛ ነው፤ የቀረው ጥርጊያ መንገድ ነው። ካላየህም ኮንፊገሬሽኑን አስተካክለህ አንድ ፋይል እንደገና መቅዳት ብቻ ነው። ዊንዶውስህ ምንም አይነካም።

ከዚያ በፊት ግን ሴኪውር ቡት መጥፋት አለበት። የራስህ ከርነል ማንም አልፈረመበትም። ሴኪውር ቡት በርቶ ከሆነ ፈርምዌሩ አያስኬደውም። ትልልቆቹ ዲስትሪቢውሽኖች ማይክሮሶፍት የፈረመበት ሺም የተባለ ፕሮግራም ስላላቸው ነው የሚያልፉት። የራስህን ቁልፍ ሠርተህ ከርነልህን ራስህ መፈረም ትችላለህ፤ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ሲስተሙ አንዴ በትክክል ከተነሳ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። አሁን አትጀምረው።

ሴኪውር ቡትን ከማጥፋትህ በፊት ሳይቃጠል በቅጠል የሚያሰኝ ጉዳይ አለ። ዊንዶውስህ ላይ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው ምስጠራ) በርቶ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ አረጋግጥ። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው በርቶ ይገኛል። ሴኪውር ቡት ሲጠፋ ቢትሎከር ማሽኑ እንደተነካ ያያልና 48 አሃዝ ያለው የመመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌለህ ፋይሎችህን አታገኛቸውም። መጀመሪያ ቁልፉን አውጥተህ ወረቀት ላይ ጻፍ ወይም ቢትሎከርን ለጊዜው አግደው። የዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕንም አጥፋ፤ እሱ በርቶ እያለ ዊንዶውስ በእውነት አይዘጋም፣ ፓርቲሽኖቹን በግማሽ ከፍቶ ነው የሚተኛው።

ከፍላሹ ከተነሳልህ በኋላ ወደ ቋሚው እንሂድ። ሦስት መንገድ አለ። ከርነሉን በቀጥታ ከዲስኩ በመዝገብ ማስነሳት ይቻላል። ሲስተምዲ ያለውን የመመሪያውን ቅጂ ከሠራህ ሲስተምዲ-ቡት አለልህ። ሦስተኛው ግረብ ነው። ለአንተ ግረብ ይሻላል። ሁለቱ ከርነሉን ራሱን ኢኤፍአይ ፓርቲሽን ላይ እንድታስቀምጥ ያስገድዱሃል። ያንተ የዊንዶውስ 100 ሜጋባይት ከሆነች አዲስ ከርነል በሞከርክ ቁጥር ትሞላብሃለች። ግረብ እዚያ የሚያስቀምጠው አንድ ትንሽ ፋይል ነው። ከርነሎችህ ኢኤክስቲ4 ላይ እንደልባቸው ይቀመጣሉ። ዊንዶውስንም ከሜኑው መምረጥ ትችላለህ።

ግረብን ስትገነባ ሲፍላግስን የመሳሰሉ የማመቻቻ ቫሪያብሎችህን ባዶ አድርጋቸው፤ ግረብ በእነሱ ይበላሻል። 2.12 ከሆነ ደግሞ ኤክስትራ ዴፕስ የሚባል አንድ ፋይል ከፓኬጁ ስለጎደለ መመሪያው ላይ ባለው መስመር ራስህ ፍጠረው። ሩትህን በቅርብ ጊዜ በወጣ ዲስትሪቢውሽን ፎርማት አድርገህ ግረብህ 2.06 ከሆነ «ያልታወቀ የፋይል ሲስተም» ይልሃል። ከኢ2ኤፍኤስፕሮግስ 1.47 ወዲህ ኢኤክስቲ4 ሲፈጠር በራሱ የሚበራ አዲስ ባሕርይ አለ፤ ያ ግረብ አያውቀውም። ወደ 2.12 ከፍ በል።

ስትጭን ታርጌቱን ኤክስ86-64-ኢኤፍአይ፣ የኢኤፍአይ ፎልደሩን የዊንዶውሱን ማውንት ያደረግክበትን ቦታ፣ ቡትሎደር መለያውን የራስህን ስም ስጠው። ሪሙቨብል የሚለውን ምርጫ እዚህ አትጠቀም። እሱ ቡትኤክስ64ን ይተካል፤ ያ ቦታ ላይ የዊንዶውስ ቅጂ አለ። በዚያ ላይ ምንም አይጠቅምህም፤ የዊንዶውስ መዝገብ እስካለ ድረስ ፈርምዌሩ የሚቀድመው እሱን ነው። ቀደም ሲል «አይደገፉም» ያለህ ጊዜ ፋይሉ ተቀድቶ ነበር፤ ያልተሳካው መዝገቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢኤፍአይ ፎልደር ውስጥ የቆየ የሙከራ ፎልደር ብታገኝ አትደንግጥ። ማይክሮሶፍት የሚለውን ብቻ አትንካ።

የግረብ ኮንፊግህን በእጅህ ጻፈው። አጭር ነው። ፓርት-ጂፒቲንና ኢኤክስቲ2ን ኢንስሞድ አድርግ፤ ግረብ ውስጥ ኢኤክስቲ4ን የሚያነበው ሞጁል ስሙ ኢኤክስቲ2 ነው። ኦል-ቪዲዮንም ጨምር። ከዚያ ሰርች በዩዩአይዲ፣ ሊኑክስ በፓርትዩዩአይዲ። ለዊንዶውስ ሌላ ሜኑ ከፍተህ የኢኤፍአይ ፓርቲሽኑን ፈልግና ማይክሮሶፍት ፎልደር ውስጥ ያለውን ቡትኤምጂኤፍደብሊው ነጥብ ኢኤፍአይን ቼይንሎደር ስጠው። መጨረሻ ላይ ኢኤፍአይቡትኤምጂአርን ያለ ምንም ተጨማሪ ጥራው። መዝገቦቹን ከነተራቸው ያሳይሃል፤ የአንተ መጀመሪያ ላይ መሆን አለበት።

ገደቡንም እወቅ። አንዳንድ ፈርምዌር መዝገቡን ችላ ብሎ ሁልጊዜ ዊንዶውስን ያስቀድማል፤ አንዳንዱ ከትልቅ የዊንዶውስ አፕዴት በኋላ ተራውን ይለውጣል። ያኔ ግረብን እንደገና አትጫን። ፋይሉ እዚያው አለ። በፍላሹ ተነስተህ በኢኤፍአይቡትኤምጂአር ተራውን መልስ። ፋት ጆርናል የለውም። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ይዘህ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን ላይ እየጻፍክ መብራት ከሄደ ሰንጠረዡ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ኤፍኤስታብ ላይ ኖኦቶ አድርገው፤ ሲያስፈልግህ ብቻ ማውንት አድርግ፣ ስትጨርስ ዝጋው።

ፍላሹን አታጥፋው። አዲስ ከርነል በሠራህ ቁጥር ግን እዚያ ላይ አትቅዳ። መነሳቱን ያየኸው የመጀመሪያው ከርነል ይቀመጥ፤ ሞጁሎቹንም ሩት ላይ አትሰርዝበት። የፓርቲሽን ሰንጠረዡን እንደ አዲስ ከፈጠርክ ብቻ ፓርትዩዩአይዲው ስለሚለወጥ ያኔ ቀይረው።